ባለ ጭራዋ ማበጠሪያ

አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውኃ አናቷ ላይ ሲከለበስ ቨርኔል ከወንበሯ ልትዘል ምንም አልቀራት። ታናሽ ወንድሟ ሮስኮ ነው በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጭምቅ አድርጎ የያዛት። ውኃው በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ፣ ኧረ እስከ ካልሲዋ ደረሰ! እሷ ግን በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች ግድግዳውን አየች።

"አንቺ! ማን ፈቅዶልሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?" አለች እናቷ ኦዴሳ፣ ባዶውን ጆግ እንደያዘች። የአባታቸውን የፋብሪካ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታለች። አፏ ላይ ደግሞ ሲጋራ፣ ያውም በሕይወቷ ሲጋራ ነክታ የማታውቅ ሴት!

"እማ፣ ፀጉሬ እኮ..."

"እማ የሚባል እዚህ የለም! ፖሊስ ነኝ!" ብላ ጭሱን ፊቷ ላይ ልትነፋባት ስትል ራሷን ትን አላት። ሳለች፣ ሳለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ጌታዬ ፖሊስ፣ ውኃ ላምጣልዎት?" አለ ሮስኮ በጣም በጨዋ ድምፅ።

በቃ! ቨርኔል ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ሮስኮም ወንበሩ ላይ ተንከባለለ። ኦዴሳም ልትስቅ ነበር፣ ከንፈሯ ጀምሮላት ነበር። ግን ኮፍያውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ትኩር ብላ አየቻቸው። ሳቁ በራሱ ጊዜ ቆመ።

"ነገ ሰልፉ ላይ ይሄን የሚያደርጉባችሁ ሰዎች አያስሉም" አለች።

ያን የፀደይ ሰሞን ሃርደን ስፕሪንግስ ውስጥ የጥቁሮች ሰፈር እናቶች ሁሉ የጥቁርና የነጭ መለያየት ይቅር ብለው ሰልፍ የሚወጡ ልጆቻቸውን ለልምምድ ወደ ኦዴሳ ፔቲዌይ ኩሽና ይልኩ ነበር። እሷ ሥራዋ ፀጉር መተኮስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብረቱን ምድጃው ላይ አግላ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ታሳምራለች። አሁን ግን እዚያው ወንበር ላይ የሰፈሩን ልጆች እያስቀመጠች ትሰድባቸዋለች፣ ስኳርና ድልህ ትደፋባቸዋለች፣ ትገፈትራቸዋለች። ሕጓ ይሄ ነው፤ የሚጠይቁህ ስምህንና ዕድሜህን ነው፣ ሌላ አትመልስ። ቢመቱህ ጭንቅላትህን ሸፍነህ ጉልበትህን አቅፈህ ተኛ። እጁን ያነሳ ልጅ ነገ ከቤት አይወጣም።

ራሷ ግን አትሰለፍም። የቧንቧ ፋብሪካው አለቃ አባታቸውን "ከቤትህ አንድ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ባይ በዚያው ሥራህን ደህና ሁን በለው" ብሎታል። ስለ ልጆች ምንም አላለም። ለዚህ ነው ልጆቹ የሚወጡት። ኦዴሳ ሰው ፊት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አትልም፤ ግን እያንዳንዱ ልምምድ ሲያልቅ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጥባለች፣ ደጋግማ፣ አይበቃት። ቨርኔል አይታታለች።

"ኪሳችሁን ገልብጡ" አለች ያን ቀን፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ። ከሮስኮ ኪስ እርሳስ ወጣ፣ ወሰደችው። "እርሳስ ጭምር?" ሲላት "እርሳስ ጭምር" አለችው። "አንድ ሹል ነገር ካንዳችሁ ኪስ ካገኙ፣ በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የሚጻፈው 'ጥቁሮቹ ስለት ይዘው ወጡ' ተብሎ ነው። የሁሉም ልጆች ልፋት በአንድ ልጅ ኪስ ገደል ይገባል። ገባችሁ?"

ገብቷቸዋል።

"አንቺ ደግሞ ነይ፣ ቁጭ በይ።" የቨርኔልን እርጥብ ፀጉር ጥብቅ አድርጋ ሹሩባ ትሠራት ጀመረች።

"እማ፣ እባክሽ ተኩሺኝ! ጫፉን ወደ ውጭ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ! ሁሉም ልጆች እኮ አምረው ነው የሚመጡት!"

"ሁሉም ልጆች ነው ወይስ አንዱ?" አለች ኦዴሳ። ሮስኮ ወዲያው በቀጭን ድምፅ "ክሊፍተን፣ ክሊፍተን!" እያለ መዝፈን ጀመረ፤ ቨርኔል የወረወረችው እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ አረፈበት።

"የተለቀቀ ፀጉር እጀታ ነው ልጄ" አለች እናቷ ዝግ ብላ። "ለቀሽው ማለት ያዙና ጎትቱኝ አልሽ ማለት ነው።" ከዚያ በባለ ጭራዋ ማበጠሪያ የፀጉሯን መሐል ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ ከፈለችው፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ። ከሥራ ዕቃዎቿ ሁሉ ያቺን ነው አብልጣ የምትወዳት! ጥርሷ ጥቁር፣ ጭራዋ ቀጭን ብረት፣ ጫፏ ግን ቅንጣት ታህል ጎበጥ ያለች። ቨርኔል ሕፃን ሆና የቆርቆሮ ክዳን ልትከፍትባት ስትሞክር ነው ያጎበጠቻት፣ ያን ቀን የቀመሰችውን እስከ ዛሬ አትረሳውም።

ታዲያ ይቺኑ ማበጠሪያ ነው በማግስቱ ጠዋት ካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ሰልፉ ወደሚነሳበት ቸርች የሄደችው።

ደግሞ ምን ክፋት አለው? ማበጠሪያ እኮ ነው! ምን ታደርግ፣ ክሊፍተን ማብሪ የሚሰለፈው ከሷ ጋር ነው። የመዘምራኑ ክሊፍተን! ሲዘምር አንገቱ ላይ ያለው ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ሲያዩት ሴቶቹ ሁሉ መዝሙሩን የሚረሱት ክሊፍተን! እና እንደ ስድስት ዓመት ሕፃን ተጎንጉና ከጎኑ ትሂድ? የማይታሰብ!

ቸርቿ ጢም ብላለች። እህት ሉቪኒያ፣ ያቺ ወፍራሟ፣ የፀሎት ቡድን መሪዋ፣ የገንዘብ መሰብሰቢያውን ዘንቢል ይዛ በየወንበሩ መሐል ትዞራለች።

"ጣሉ! የጥፍር ሞረድ፣ የፀጉር መርፌ፣ ሴንጢ፣ ጣሉ! እግዚአብሔር ያያል፣ እግዚአብሔር ባያይ እኔ አያለሁ! አንተ ሮስኮ፣ ያ ምንድነው?"

"ብይ ነው እህት ሉቪኒያ። ብይ ሹል ነው እንዴ?"

"ብዩስ አይደለም፣ ፀባይህን ግን አውቀዋለሁ። ጣል!"

ቨርኔል በዚያን ሰዓት ሽንት ቤት ነበረች። ሹሩባዋን በጭራው ፈልቅቃ ፈትታ፣ አበጥራ፣ ጫፉን በጣቷ እየጠቀለለች ወደ ውጭ ስትመልሰው፣ ኧረ ስታምር! መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት አትመስልም፣ ቢያንስ አሥራ ሰባት! ስትወጣ ዘንቢሉ አልፏል። ማበጠሪያዋ ግን ካልሲዋ ውስጥ ቁርጭምጭሚቷን ወጋቻት፣ ቀሚሷ ደግሞ ኪስ የለውም። ሮስኮን ከሰልፉ ጎተት አድርጋ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተችበት።

"እንዴ! እማ እኮ..."

"ማበጠሪያ ናት! ማበጠሪያ ማን ይፈራል? ስንመለስ ቦታዋ እመልሳታለሁ። እንዳትጥላት ብቻ! ብትጥላት እማ እኔን ትገድለኛለች፣ እኔ ደግሞ አንተን!"

ሮስኮ ፀጉሯን አየ። "ዶሮ ትመስያለሽ" አለና ኮቱን ቆለፈ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሁለት ሁለት እየሆኑ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ ፀሐይዋ፣ መዝሙሩ፣ የእናቶቹ ፊት በየአጥሩ! ኦዴሳ ከፀጉር ደንበኞቿ መሐል ቆማለች፣ በረንዳ ላይ፣ መንገዱን ሳትረግጥ። ቨርኔል እናቷ ፀጉሯን እንዳታይ በክሊፍተን ትከሻ ተከለለች። ክሊፍተን ደግሞ ጎንበስ ብሎ "ፀጉርሽ ያምራል" አላት። እኔ ልሙት፣ ከዚያ ወዲያ እግሯ መሬት መንካቱን አታውቅም። ፖሊሶቹን እንኳ በደንብ አላየቻቸውም።

ወደ ከተማው መሐል የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ነው ነገር የመጣው። ከፊት የነበሩት ልጆች በሹክሹክታ መልእክት ወደ ኋላ አሳለፉ፤ "ማዶ ፖሊሶች ኪስ እየፈተሹ ነው፣ የቀረ ነገር ያለው ይጣል።" ልጆቹ ሁሉ ኪሳቸውን እየዳበሱ የጠርሙስ መክፈቻ፣ ቁልፍ፣ ምናምን ድልድዩ ሥር ቁጥቋጦው ውስጥ ወረወሩ። ሮስኮ ዞር ብሎ አያት። እጁ ኮቱ ውስጥ ነው። አፉ አልተናገረም፣ ዓይኑ ብቻ፤ ልጣላት?

ቨርኔል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አትጣል።

በቃ ይሄው ነው ያደረገችው። አንድ ጊዜ ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ። የተፈታው ፀጉሯ እንኳ አብሮ ተወዛወዘ።

ማዶ ሲደርሱ ፖሊሶቹ በጅምላ ያዟቸውና በአውቶብስ ጭነው፣ እንደ እስር ቤት የሚጠቀሙበት የከብት ገበያ ግቢ አወረዷቸው፤ ፍተሻው እዚያ ቀጠለ። አንድ ቀይ ጢም ያለው ፖሊስ ሮስኮን ግድግዳ አስደግፎ ኮቱን ከፈተና ማበጠሪያዋን በሁለት ጣት ይዞ አወጣት። ብረቱ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ።

"ኦሆ! ይሄ ምንድነው? የማን ዓይን ልታወጣበት ነው?"

ሮስኮ ስሙን ተናገረ። ዕድሜውን ተናገረ፣ አሥራ አንድ።

"ስምህን አልጠየቅኩህም! የማን ነው? ማን ሰጠህ?"

ሮስኮ መልሶ ስሙንና ዕድሜውን ብቻ ተናገረ። ልክ እማ እንዳለማመደችው፣ ዓይኑን አጥሩ ላይ ተክሎ። ቨርኔል ከሱ ብዙ አትርቅም ነበር። አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ላይ ነበር ቃሉ፣ የኔ ናት። ግን ክሊፍተን ከጎኗ ቆሟል። "ፀጉርሽ ያምራል" ያላት ክሊፍተን፣ ፀጉሯ በምን እንዳማረ ሊሰማ! እማ ደግሞ ከስምና ከዕድሜ ሌላ አትናገሩ ብላለች፣ ብላለች አይደል? አፏን ዘጋች። ሮስኮን ብቻውን ሌላ መኪና ውስጥ አስገቡት። በመስኮቱ ወደሷ አላየም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሎቹ ልጆች በሙሉ ለየቤተሰቦቻቸው ተሰጡ። ሮስኮ አልተሰጠም። የመጣው ወሬ "ስለት ይዞ ተገኝቷል፣ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ የወንዶች ማረሚያ ቤት ሳይላክ አይቀርም" የሚል ነው። ከዚያ ማረሚያ የተመለሱ የሰፈሩ ልጆች አሉ። ሰው ከኋላቸው ሲመጣ የሚደነግጡ፣ ዳቦ ኪሳቸው የሚደብቁ ልጆች። ጋዜጣውም ልክ እማ እንዳለችው ጻፈ።

ወደ ኦዴሳ ኩሽና ከዚያ በኋላ ልጅ የላከ የለም። እህት ሉቪኒያ ግን ለራሷ ፀጉር መጣች፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችታ።

"አልፈርድብሽም ኦዴሳ። ግን ሰው እያወራ ነው። የራሷን ልጅ ኪስ ያልፈተሸች እንዴት የኛን... ይላሉ። እኔ አላልኩም፣ እነሱ ናቸው።"

"ፈትሼዋለሁ" አለች ኦዴሳ። "በዚህ እጄ። እርሳስ አውጥቻለሁ። የኮቱን የውስጥ ኪስ... የውስጥ ኪሱን አይቼው ነበር?" ጥያቄው ለሉቪኒያ አልነበረም። "ልጄን አሰልፌ እኔ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ኪሱን እንኳ በደንብ አላየሁም።"

ቨርኔል ምድጃው ጋ ብረቱን እያጋለች ነበር። ፀጉሯን ከእስር ከመጣች ጀምሮ ራሷ ጎንጉናዋለች፣ ጥብቅ፣ እስኪያማት። አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ አሁን... ብረቱ ጋለ።

"የት ገባች ያቺ ማበጠሪያ?" ኦዴሳ መሳቢያውን እየፈተሸች ነው። "ቨርኔል፣ ባለ ጭራዋን አየሻት?"

"አላየሁም።"

እናቷ የሉቪኒያን ፀጉር በጥፍሯ ከፈለችው። መስመሩ ጠመመ። ኦዴሳ የጠመመ መስመር ስትሠራ ቨርኔል በዕድሜዋ ያን ቀን ነው ያየችው።

የችሎቱ ቀን አባታቸው ፋብሪካ ነበር፣ ቢቀር ይባረራላ። ኦዴሳ የእሁድ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከቨርኔል ጋር ከኋላ፣ ጥቁሮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሮስኮን በጎን በር አስገቡት። ቨርኔል መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ፀጉሩን ሙልጭ አድርገው ላጭተውታል። ጆሮው ብቻ ቀርቷል፣ ትልልቅ ሁለት ጆሮ። ኦዴሳ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ዳኛው ዕድሜው የገፋ፣ አፉ ውስጥ ከረሜላ የሚያላምጥ ሰው ነው። ከወረቀት ከረጢት ውስጥ ማስረጃውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀጭን ብረት። ጫፉ ጎበጥ ያለ።

ቨርኔል የእናቷ ክንድ ሲደርቅ ተሰማት። ጎን ለጎን ነበሩ፣ እጅጌ ለእጅጌ። ኦዴሳ ወደሷ አልዞረችም፤ መዞር አያስፈልጋትም፣ ያችን ጫፍ ያጎበጠው ማን እንደሆነ ታውቃለች። በቀስታ ጓንቷን አወለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ተነሳች።

"የኔ ናት ጌታዬ። ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ የሥራ ዕቃዬ ናት። ኪሱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።"

ዳኛው ከረሜላውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረው። "ስምሽ ማነው?"

"ወይዘሮ ፔቲዌይ።"

"የመጀመሪያ ስምሽን ነው የጠየቅኩሽ።"

"...ኦዴሳ።"

"ኦዴሳ፣ የምትይው ይገባሻል? ይሄን ልጅ ለቅቄ አንቺን ነው የማስገባው። ባልሽም ይሰማል፣ አለቃውም ይሰማል።"

"ይገባኛል ጌታዬ።"

የአባቷ ሥራ፣ ቤቱ፣ እማ እስር ቤት... ሁሉም በአንዴ ለቨርኔል ታያት። ደግሞ እናቷ እኮ ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም! ለሷ ብላ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ለተመለሰ ፀጉር ብላ! ቨርኔል መነሳቷን ያወቀችው ወንበሩ ሲንቋቋ ነው።

"ውሸቷን ነው! የኔ ናት! እኔ ሰርቄያት ነው! ጣላት ማለት ሲገባኝ ደግሞ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ ሊጥላት ነበር እኮ፣ እኔ ነኝ አትጣል ያልኩት!" ቃሉ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ፈሰሰ፣ ሽንት ቤቱ፣ ካልሲው፣ ኪስ የሌለው ቀሚስ፣ ሁሉም።

"ተቀመጪ ቨርኔል" አለች ኦዴሳ በጥርሷ መሐል።

"አልቀመጥም እማ!"

"ይሄ ቤተሰብ ዛሬ ተራ በተራ ሊናዘዝልኝ ነው እንዴ?" አለ ዳኛው። ከፊት ያሉት ነጮች ሳቁ። "ፀጉር ለማበጠር ነው የምትይኝ? በዚህ ወስፌ? ነይ እስኪ፣ አሳዪኝ።"

ሄደች። ሹሩባዋን ፈታች። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ ሳይተኮስ፣ ሳይያዝ። ማበጠሪያዋን አንስታ ጭራዋን ግንባሯ መሐል አስደገፈችና ወደ ኋላ ሳበች። መስታወት የለም፣ መስመሩ ወደ ጎን ሸሸባት። ብረቱ የራስ ቅሏ ላይ ሲሄድ ቀዘቀዛት።

"ቀጥ አድርጊያት" አለች ኦዴሳ ከኋላ።

ከአፏ አምልጧት ነው። የቅዳሜ ድምፅዋ ነበር፣ የኩሽናዋ። የሳቀ የለም። የችሎቱ ጸሐፊ እንኳ መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ አየ። ቨርኔል እጇን አስተካከለች፣ እንደገና ከግንባሯ ጀመረች፣ እስከ ማጅራቷ ደረሰች።

ዳኛው ከረሜላውን ቆርጥሞ ዋጠ። ከዚያ ልጁ ይለቀቅ፣ ልጅቷ ፖሊስ ፊት ዝም ብላ ታናሿን ስላሳሰረች ሁለት ሳምንት የልጃገረዶች ማቆያ ትግባ፣ ዕቃው እዚሁ ይቅር አለና መዶሻውን አሳረፈ። ቀጣዩን ጠራ።

ቨርኔልን የምትወስደው ጠባቂ መኪናው እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ እንዲቆዩ ፈቀደች። ኦዴሳ ቨርኔልን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ከኋላዋ ቆመች። ማበጠሪያ የላትም፣ በጣቷ ብቻ መጎንጎን ጀመረች፣ ጥብቅ፣ ምንም እጀታ እንዳይቀር።

"እማ፣ ይቅር..."

"ዝም በይ፣ አትወዛወዢብኝ።" ጉንጉኑን አጠበቅ አድርጋ፣ "ውኃ ደፋሁባችሁ። ሰደብኳችሁ። ገፋኋችሁ። ከነሱ የሚመጣውን ሁሉ አለማመድኳችሁ" አለች። ቀጥሎ ምን ልትል እንደነበር ቨርኔል አላወቀችም። ሹሩባው ላይ አንድ ሞቅ ያለ ጠብታ ወደቀ፣ ከዚያ ሌላ።

ሮስኮ መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ኮቱ ሰፍቶበታል። ቨርኔል የተላጨ ጭንቅላቱን ልትነካ እጇን ዘርግታ መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

"ዶሮ ትመስላለህ" አለችው።

ሮስኮ ሳቅ አለ። አንድ የፊት ጥርሱ ጎደሎ ነበር፤ ሲሄድ አልጎደለም ነበር። ወደ እናታቸው ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደሷ ቀረብ ብሎ፣ ኮቱን በእጁ ዳሰስ እያደረገ፣

"ድልድዩ ጋ ሁሉም ሲጥሉ፣" አላት በሹክሹክታ፣ "እንዳልሽኝ እኔ አልጣልኳትም እኮ።"